የደመወዝተኛው የመጀመሪያ መኪናና «ቅንጦት» የሚሉት ስም

በአገራችን የግብር ሕግ ውስጥ «ቅንጦት» የሚለውን ያህል ምቹ ቃል አላውቅም። ቃሉ በአንድ ዕቃ ላይ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ስለዚያ ዕቃ መከራከር ያሳፍራል። ተከራካሪው ገና አፉን ሲከፍት «ድኻው ዳቦ አጥቶ አንተ ስለ መኪና ታወራለህ?» ይባልና አንገቱን ደፍቶ እንዲቀመጥ ይደረጋል። እኔ ዛሬ ሳልቀመጥ ልናገር። የምጽፈው ባለሥልጣንና ባለሀብት ስለሚመላለሱበት ቪ8 አይደለም። የምጽፈው ስለ አንዲት ትንሽ፣ ያረጀች፣ ቀለሟ ሁለት ጊዜ የተቀባ መኪና ነው፤ አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የባንክ ጸሐፊው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ሊገዟት ስለሚመኟት። የምለውም ይህ ነው፦ ያለፉት ሃያ ዓመታት የመኪና ፖሊሲያችን አንድ ጊዜ ስለ መንግሥት ገቢ፣ አንድ ጊዜ ስለ አየር ብክለት፣ አንድ ጊዜ ስለ ውጭ ምንዛሪ እያለ ስሙን ቢቀያይርም፣ ዱላው ዘወትር ያረፈው የመጀመሪያ መኪናውን ሊገዛ በሚያስበው ደመወዝተኛ ጀርባ ላይ ነው።

አስቀድሞ «ቅንጦት» የሚለውን ነገር እንየው። በ20/80 መርሐ ግብር የጋራ መኖሪያ ቤቶችን የሠራው መንግሥት ነው። የት ሠራቸው? የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ። ከከተማው ጫፍ፣ መሬት በተገኘበት። በዚህ አልቃወምም፤ ቤት ያልነበረው ሰው ቤት አግኝቷል። ነገር ግን ውሱን ገቢ ያለውን ሠራተኛ ከሥራ ቦታው አርቆ ያሰፈረው መንግሥት፣ ያው ሠራተኛ ከዚያ የሚመላለስበትን ነገር «ቅንጦት» ብሎ ሲጠራው ቃሉ ትርጕሙን ያጣል። እኔ የምኖረው ከእነዚህ ሰፈሮች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የማታ ተማሪዎቼን የማሰናብተው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሰርቪስ የሚንቀሳቀሰው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ ለማታ መምህር እንደሌለ ይቈጠራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰልፍ፣ ሦስት ታክሲ መቀያየር፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ የኮንትራት ታክሲ ዋጋ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ አላብራራውም። የማታ ትምህርት ማስተማር ያቆሙ ባልደረቦች አሉኝ። ክፍያው አንሷቸው አይደለም፤ ወደ ቤት መመለሻው ክፍያውን ስለሚበላው ነው። በእኛ ሕንፃ ምድር ቤት የምትኖር ነርስ ደግሞ የሌሊት ተረኛ በሆነች ቁጥር ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣለች፤ ተረኛነቷ የሚጀምረው ግን ማታ ነው። ልዩነቱን ሆስፒታሉ በር ላይ ቁጭ ብላ ትጨርሰዋለች። ለዚህች ሴት መኪና ቅንጦት ነው?

«የሕዝብ ትራንስፖርት ይስፋፋ እንጂ!» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። አሜን። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ባቡሩ ቢሰፋ፣ አውቶቡሱ ቢበዛ መኪና ፈላጊው ራሱ ይቀንሳል፤ እኔም እቀንሳለሁ። እስከዚያው ግን ሰው ነገ ጠዋት ሥራ መግባት አለበት። የመንገዱ መጨናነቅ የተጠያቂነት ክርክርም እንዲሁ ነው፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለባት አገር የተመዘገበው ተሽከርካሪ የጭነቱም፣ የሕዝብ ማመላለሻውም፣ የመንግሥቱም ተደምሮ ከ1.2 ሚሊዮን ብዙም እንደማይዘል ባለሥልጣናቱ ራሳቸው በየመድረኩ ሲናገሩት ኖረዋል። ለመቶ ሰው አንድ ማለት ነው። በዚህ ቁጥር የሚታፈን መንገድ ካለ ጥያቄው የሚቀርበው ለመንገዱ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። ቁጥር የሚሰለቻችሁ አንባቢያን ጥቂት ታገሡኝ፤ ፖለቲካው ያለው እዚህ ውስጥ ነውና።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 መኪናን በሞተሩ መጠን ከፋፈለው። እስከ 1,300 ሲሲ ለሆነ የቤት መኪና 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 100 በመቶ። ይህ ግን ብቻውን አይመጣም። ከፊቱ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ አለ፤ ከኋላው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ በዚያ ሁሉ ድምር ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይጨመራል። እያንዳንዱ የሚሰላው ከፊቱ ያለው ግብር በተጨመረበት ዋጋ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። በግብር ላይ ግብር፣ በዚያም ላይ ግብር ነው። እንግዲህ አንዲት ትንሽ መኪና መግዣዋ፣ ማጓጓዣዋና መድኗ ተደምሮ ወደብ ስትደርስ 100 ብር አወጣች እንበል። ቀረጡ ሲጨመር 135 ትሆናለች፤ ኤክሳይሱ 175 ከ50 ያደርሳታል፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 202 ግድም፤ ሱር ታክሱ 222። ይህ በሕጉ እጅግ የተራራላት፣ የመጨረሻዋ ትንሽ መኪና ናት። ሞተሯ ከመስመሩ ጥቂት ካለፈ ግን 222 የነበረው 273 ይሆናል።

አሁን የብዙ ሰው ጥያቄ ይመለሳል፦ ለምን ሁሉም ሰው ቪትዝ ነዳ? ቪትዝን የመረጠልን ፍቅራችን አይደለም፣ የኤክሳይስ ሠንጠረዡ ነው። ቶዮታ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያመረታት ይህች መኪና በመጀመሪያው ትውልዷ ባለ 1.0 ሊትርም ሆነ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ብትሆን ከ1,300 ሲሲ በታች ናት። ከእርሷ በፊት በነበሩት ስታርሌትና ኮሮላ ላይ ይገጠም የነበረውና በተለምዶ «1.3» የሚባለው አንዱ ሞተር ግን ትክክለኛ ልኩ 1,331 ሲሲ ነው። ሠላሳ አንድ ሲሲ! አንዲት የሻይ ብርጭቆ የማይሞላ ልዩነት፣ ከወደብ ዋጋው ላይ ግማሹን ያህል ገንዘብ ያስጨምር ነበር። ሰው መኪና ሲመርጥ ደኅንነቱን፣ ጥንካሬውን፣ የልጆቹን ቁጥር ማየት ሲገባው፣ እኛ አገር የሚያየው የሞተሩን ሲሲ ሆነ። አምስት ቤተሰብ ቪትዝ ውስጥ ታጭቆ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ ያየ የውጭ ሰው ሊስቅ ይችላል፤ እኔ የማየው የሕግ አንቀጽ ነው።

እነሆ በየካቲት 2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1186 ወጣ። ይህን አዋጅ ሙሉ በሙሉ አላወግዝም፤ አዲስ ለሆነች እስከ 1,300 ሲሲ መኪና ኤክሳይሱን ወደ 5 በመቶ ማውረዱ በራሱ መልካም ነበር። በቀደመው አሠራር 222 የሚደርሰው ዋጋ በዚህኛው ወደ 179 ይወርዳል። ነገር ግን አዲስ መኪና የሚገዛው ማን ነው? ያገለገለ መኪና ላይ ግን እንደ ዕድሜው ግብሩ ወደ ላይ ወጣ፤ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ ሲሆን እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በጣሪያው ስናሰላው ወደብ ላይ 100 ብር የሆነው መኪና ከጉምሩክ ሲወጣ 1,024 ብር ይሆናል። አሥር እጥፍ። ግብር የሚሰበሰበው ግብይት ሲኖር ነው፤ ይህ ግን ግብይቱን ጨርሶ የሚያስቀር ነውና በግብር ስም የታወጀ እገዳ ልንለው ይገባል።

ምክንያቱ ሲነገረን የአየር ብክለትና የመኪና አደጋ ነበር። ሁለቱም እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ግን በአዲስ አበባ ጎዳና ጥቁር ጭስ የሚተፋው መኪና የትኛው ነው? ገና ጅቡቲ ያልደረሰው ነው ወይስ እዚሁ ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረው? አዋጁ አሮጌ መኪና እንዳይገባ ከለከለ እንጂ ከመንገድ ላይ አንዲት አሮጌ ላዳ አላወጣም። እንዲያውም ዕድሜዋን አራዘመው። የሚተካት ርካሽ መኪና ስለሌለ ባለቤቷ አራተኛ ጊዜ ሞተሯን አስወርዶ ያሠራታል፤ ሶማሌ ተራ ሄዶ ከሌላ ሬሳ የተፈታ መለዋወጫ ይገዛላታል። ኩባውያን ከ1959 እ.ኤ.አ. አብዮት በኋላ በእነዚያ የአሜሪካ መኪኖቻቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ቱሪስት ፎቶ ስላነሣቸው የእነርሱ አሮጌ መኪና የፍቅር ታሪክ መሰለ እንጂ ነገሩ ችጋር ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ አይደለምን? ጎረቤታችን ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ የሆነ መኪና እንዳይገባ ትከለክላለች፤ ስምንት ዓመት ያልሞላው ግን ደመወዝተኛ ሊገዛው በሚችል ገበያ ይሸጣል። የእኛው አዋጅ የአምስት ዓመት መኪናንም ከባድ ጭነት አሸክሞ ነው ያስገባው።

ታዲያ ማን ተጠቀመ? ቀድሞ መኪና የነበረው ሰው። በሌላው ዓለም መኪና ከሻጩ ቅጥር ግቢ ከወጣች ጊዜ ጀምሮ ዋጋዋ እየወረደ ይሄዳል፤ በእኛ አገር ባረጀች ቁጥር ትወደዳለች። ብር ዋጋው ሲወርድ ሰው ገንዘቡን የሚያኖርበት ነገር ይፈልጋል፤ መሬት ለማግኘት ችግር ነው፣ ዶላር መያዝ ወንጀል ነው፣ የባንክ ወለድ የዋጋ ንረቱን አይደርስበትም። ስለዚህ ቪትዝ የቁጠባ ደብተር ሆነች። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የተቀመጠች ቪትዝ ስንት አይቻለሁ! ይህን የማነሣው ባለቤቶቹን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ብሆን አደርገው ነበር። የማነሣው ደመወዝተኛው በገበያው ላይ ከማን ጋር እንደሚፎካከር ለማሳየት ነው። የሚፎካከረው ሊነዳት ከሚፈልግ ሰው ጋር ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ብሩን ሊያስቀምጥባት ከሚፈልግ ነጋዴም ጋር ነው። በዚህ ፉክክር ደመወዝ አሸንፎ አያውቅም።

ደመወዝ ካልኩ ዘንድ እርሱንም እናስላው። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ማስተካከያ በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ የሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ግብሩና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው ሲቀነስ እጁ ላይ የሚደርሰው ከ9,000 ብር በታች ነው። አንዲት ያረጀች ቪትዝ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ትጠየቃለች። ልጁ ሳይበላ፣ ሳይለብስ፣ የቤት ኪራይ ሳይከፍል፣ ደመወዙን በሙሉ ቢያጠራቅም ዘጠኝ ዓመት ተኩል አልፎ ነው አንድ ሚሊዮን የሚሞላለት። ያን ጊዜ መኪናዋ ዘጠኝ ዓመት ተኩል አርጅታ፣ ዋጋዋ ግን ሌላ ሆኖ ትጠብቀዋለች። እኔ በዶክትሬትና በአሥራ ስምንት ዓመት አገልግሎት ከእርሱ ሻል ያለ አገኛለሁ፤ ቢሆንም በአርባዎቹ ዕድሜዬ የመጀመሪያ መኪናዬን የምፈልገው በዕቁብ ነው። የእኔ መምህራን በደመወዛቸው ቮልስ ገዝተው ነበር። ውኃ የማይጠይቅ ሞተሯን ከኋላ አዝላ ስትንተከተክ የምትመጣውን የክፍል ኃላፊያችንን ቮልስ ድምፅ ከሩቅ እንለየው ነበር። ቅንጡ ሰው አልነበሩም፤ የክራቫታቸው ጫፍ የነተበ ነበር።

የባንክ ብድርስ? ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ፣ ባንኮች ያቺን ጠባብ ኮታ ለማን እንደሚሰጧት መገመት የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አይጠይቅም። ለላኪው እንጂ ለአስተማሪው አይሰጡም።

የዚህን ዓመት ክረምት በሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ሳይ ነው ያሳለፍሁት። ይህንም ለሚመጣው ገዢ ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው፤ ፖሊሲው በብረት ላይ እንዴት ተጽፎ እንደሚነበብ ያሳያልና። ደላላው ገና «ዶክተር» ብሎ ሲጠራኝ ዋጋው እንደ ጨመረ ገባኝ። ስለዚህ ከሁለተኛው ቅዳሜ ጀምሮ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዤ ሄድሁ፤ እኔ የእርሳቸው ረዳት መሰልሁ። ጋሼ መጀመሪያ የሚያዩት ሞተሩን አይደለም። ሊብሬውን ይቀበሉና የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር ያስተያያሉ። ካልገጠመ ወደ ሌላው ያልፋሉ፤ ደላላው ምንም ቢምል አይሰሙትም። ቀጥሎ ባለቤቱ ራሱ መሆኑን፣ ወይስ በውክልና ላይ ውክልና የተሸጋገረ መሆኑን ይጠይቃሉ። «ስሙ ያልዞረ መኪና የሰው ሚስት ማለት ነው» አሉኝ። ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ ማጣራት የገዢው ፈንታ ነው። ቦሎው የዘንድሮ መሆኑ ብቻ ግን አያጽናናም፤ ምርመራውን ያለፈ መኪና ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

ከዚያ መሪው ሥር ተንበርክከው በባትሪ ያያሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው የነገሩኝ በደንብ ሊታወቅ የሚገባ ነው። «ቪትዝ» ቶዮታ በጃፓን ገበያ የሚሸጥበት ስም ነበር፤ ያቺው መኪና በአውሮፓ «ያሪስ» ትባላለች። ጃፓኖች በመንገድ ግራ ስለሚነዱ መሪያቸው በቀኝ ነው። እንግዲህ በእኛ ጎዳና መሪዋ በግራ የሆነ የጃፓን ቪትዝ ስናይ፣ በመካከል አንድ ቦታ ዳሽቦርዷ ተፈታትቶ፣ መሪዋና ፔዳሎቿ ከቀኝ ወደ ግራ ዞረው እንደ ተገጠሙ ማወቅ አለብን። በጥንቃቄ የተሠራ አለ፤ በችኮላ የተበየደም አለ። በአደጋ ጊዜ የሰውን ነፍስ የሚጠብቀው ክፍል ላይ የተሠራ ብየዳ ነው። «የመኪና አደጋን ለመቀነስ» ተብሎ በታወጀው አዋጅ ምክንያት ከሰባት ዓመት በታች የሆነ፣ ያልተበየደ መኪና መግዛት ያልቻለው ሰው የቀረለት ምርጫ ይህ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው።

ካየናቸው መኪኖች አብዛኞቹ በዕድሜ ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼ ይበልጣሉ። አንዷን ጋሼ ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረው «ይህች እንኳ ቅርስ ጥበቃ ብትሄድ ይሻላል» ብለው ሄዱ። ዋጋዋ አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ነበር።

«ታዲያ ለምን ኤሌክትሪክ መኪና አትገዛም?» የሚለው ጥያቄ የዘመኑ ጥያቄ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ እንደማይገቡ ሲያስታውቁ ዓለም በመደነቅ ዘግቦታል። በመርሁ ላይ ልከራከር አልችልም፤ አልፈልግምም። ነዳጅ በዶላር ይመጣል፣ ኤሌክትሪኩ የራሳችን ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ ነው። ህዳሴ ግድባችን በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የነዳጅ ድጎማው በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ መነሣት ሲጀምር ከ37 ብር በታች የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ 100 ብርን አለፈ። ለዕለት መንጃው ኤሌክትሪክ በጣም ርካሽ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በ2022 እ.ኤ.አ. ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ማስቀረቱም ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

ነገር ግን ውሳኔው ለማን ደረሰ? በ2023 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ለገበያ የቀረበችውን ትንሿን የቢዋይዲ መኪና፣ ሲገልን፣ እንውሰድ። ዝቅተኛ ዋጋዋ 73,800 የቻይና ዩዋን ነበር፤ በዶላር አሥር ሺህ ግድም። ዶላር 57 ብር በነበረበት ጊዜ ይህ 570,000 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ በ2017 ዓ.ም. ዶላሩ 130 ብርን ሲያልፍ ያችው መኪና፣ ያችው ዋጋ፣ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር 1.3 ሚሊዮን ብር ሆነች። ግብር በማንሣት የተሰጠውን ምንዛሪው ወሰደው። ደመወዙስ በዚያ መጠን አደገ? ቁጥሩን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ዋጋውን እንኳ ተወጥቼ ልግዛት እንበል። የት ነው የምሞላት? አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የመኪና ማቆሚያው የጋራ ነው፤ ቆጣሪው የየቤቱ ነው። አንድ ጎረቤታችን ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ገመድ አውርዶ መሙላት ጀምሮ ነበር፤ ኮሚቴው በልጆች ደኅንነት ምክንያት ከለከለው፤ ኮሚቴውም እውነቱን ነው። ግቢ ያለው ሰው ማታ ሰክቶ ይተኛል፤ ግቢ የሌለው ደመወዝተኛ ግን የጋራ መሙያ ጣቢያ ሰልፍ ይጠብቃል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ ቢልስ? ጋሼ በዚህ ጉዳይ እጃቸውን አነሡ። ቤንዚን ሞተርን በጆሯቸው ይመረምራሉ፤ ባትሪ ግን ድምፅ የለውም። የመኪናው ዋጋ ከፍተኛ ክፍል ባትሪው ነው፤ ምን ያህል አቅሙ እንደ ቀረ ሻጩ ካልነገረ ገዢው አያውቅም። አንዳንዶቹ ደግሞ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ ስክሪናቸው የሚናገረው በቻይንኛ ብቻ ነው።

አገር ውስጥ ርካሽ መኪና ለመገጣጠም የተሞከረበት ጊዜም ነበር። ሞጆ ላይ ሆላንድ ካር «አባይ»ን የመሰሉ የወንዝ ስሞች ያወጣላቸውን መኪኖች ይገጣጥም ነበር፤ ሥራው በ2005 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። ስለ ድርጅቱ ውድቀት ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምለው፣ ደመወዝተኛ ሊገዛው የታሰበ መኪና ደመወዝተኛው የሚበደርበት ባንክ ከሌለ ገዢ አያገኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ድጎማ አይደለም። ግብሩ በዕድሜና በሲሲ መሆኑ ቀርቶ በመኪናው ዋጋ ላይ ይመሥረት፤ ርካሽ መኪና የሚገዛ ርካሽ ግብር ይክፈል፣ ቪ8 የሚያስገባም እንደ ዋጋው ይክፈል። አሮጌ መኪናውን ለብረት አስረክቦ በኤሌክትሪክ መተካት ለሚፈልግ ሰው የተረከበው ብረት በአዲሱ ዋጋ ላይ ይታሰብለት፤ ስለ ብክለት ከምር ከታሰበ ላዳዋ ከመንገድ የምትወጣው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ለቋሚ ሠራተኛ በደመወዙ ዋስትና የሚሰጥ፣ ከብድር ጣሪያ ውጭ የሚቆጠር የረጅም ጊዜ ብድር ይኑር፤ ደመወዙ በየወሩ በዚያው ባንክ የሚያልፍ ሰው ከብዙ ባለሀብቶች የተሻለ ተበዳሪ ነው። በየጋራ መኖሪያው ደግሞ የመኪና ማቆሚያው ላይ ለብቻው የሚነበብ ቆጣሪ ይተከል፤ ሕንፃው የመንግሥት ሥራ ነው፣ መሥመሩም የመንግሥት ነው።

ከሁሉ የሚቀልለውን ለመጨረሻ አቆየሁት። ኤሌክትሪክ መኪና ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ፣ ስም ከመዞሩ በፊት ባትሪው ተለክቶ የቀረው አቅም በመቶኛ ሊብሬው ላይ ይጻፍ። የሞተር ቁጥር የሚጻፍበት ሰነድ ነው፤ አንድ መሥመር መጨመር ምንዛሪ አይጠይቅም።